ሩቅ አገር ላለ የግላኮማ ታካሚ የትኛው ሕክምና ያዋጣዋል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የሰሜን ሸዋ ልጆች። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

አጎቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ቀኝ ዓይናቸውን ግላኮማ (ብዙ ጊዜ የዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ ነርቩን ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ) ጨርሶታል። ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አያልፍም። የግራው መሐሉ ደህና ነው፤ ሰው ይለያሉ፣ ብር ይቆጥራሉ። ጎን ጎኑ ግን ሄዷል። ከጎን የመጣ በሬ የሚታያቸው አጠገባቸው ሲደርስ ነው። ሁለት ዓይነት ጠብታ እያደረጉም የግራ ዓይናቸው ግፊት 30 ላይ ነው። ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ይሻላል ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ የቀረችኝን አንዲት ዓይን ቢላ አላስነካም ብለዋል። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል።

ጠብታውን ሲያደርጉ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። ዕድሜ ልኩን ሞፈር የያዘ እጅ ነው፤ ጣቶቹ በደንብ አይታጠፉም። ጠርሙሷን በአውራ ጣትና በመዳፋቸው ይጨምቋታል። የመጀመሪያው ጠብታ ቅንድባቸው ላይ፣ ሁለተኛው ጉንጫቸው ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ይገባል። ስለዚህ ለወር የታሰበው ጠርሙስ ወር አይደርስም። ሲያልቅ መሐል ሜዳ ይጠየቃል። ከታጣ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ይፈለጋል። ሰው እስኪገኝ ዓይኑ ያለ መድኃኒት ይሰነብታል።

የእኔ አቋም ይሄ ነው። ጠብታ ዕድሜ ልክ የሚደረግ ነገር ነው። ፋርማሲ ደጁ ላይ ላለው ከተሜ ያዋጣል። ለገጠር ሰው ግን ቀዶ ጥገና የመጨረሻ አማራጭ መሆን የለበትም፤ ገና በጠዋቱ ሊታሰብ ይገባል። የማትስማሙ ተከራከሩኝ። ቀዶ ጥገናውን ያደረጋችሁ፣ ያስታመማችሁ፣ ሙያው ውስጥ ያላችሁም ጻፉ። ምን ምን ዓይነት አለ? ምን ያህልስ ያቆያል? ምን ይዞ ይመጣል?

(ክሩ፣ ማለትም የመልሱ ሰንሰለት፣ ስለረዘመ፣ ዘግይታችሁ ለምትገቡ በየቁጥሩ የተባለውን በራሴ አነጋገር ከታች አስቀምጬዋለሁ።)

መልስ 1። ከደብረ ብርሃን የጻፈች እህት ናት። ለአጎቴ ምሕረት ከለመነች በኋላ ወዲያው አንድ ጥያቄ አስቀደመች፦ ግላኮማው ክፍቱ ነው ወይስ ዝጉ (የዓይኑ ፈሳሽ የሚወጣበት ጥግ ክፍት የሆነበት ወይስ የተዘጋበት)? እናቷን የያዛቸው ዝጉ ነበር። አንድ ምሽት ዓይናቸው ድንገት ደም መሰለ። ራሳቸውን ፈለጣቸው፣ አስመለሳቸው፣ በአምፖሉ ዙሪያ ቀስተ ደመና ታያቸው። ቤተሰቡ ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ ሲያሽ አደረ። ጠዋት ሆስፒታል ሲደርሱ መጀመሪያ ግፊቱን በመድኃኒት አበረዱላቸው። ከዚያ የዓይናቸው ባለ ቀለም ክብ ላይ በሌዘር ትንሽ ቀዳዳ ተሠራላቸው። ደህና ወደነበረው ሌላኛው ዓይንም ይሄው እንዳይመጣ ተብሎ እዚያም ላይ ተሠራ። አልጋ ሳይዙ ቤታቸው ገቡ። ዓይነቱ ሳይታወቅ ስለ ቀዶ ጥገና ማውራት ዋጋ የለውም ባይ ናት። የአጎቴ ክፍቱ ዓይነት መሆኑን መልሼ ጽፌላታለሁ።

መልስ 2 ከአንኮበር ነው። አባቱን ለሞራ ዘመቻ ይዟቸው ሄዶ ነበር። ሞራው እውነትም ነበረ፤ ተነሣላቸውም። ዓይናቸው ግን አልበራም። ከኋላ ያለውን ነርቭ ግላኮማ ቀድሞ ጨርሶት ነበርና። ይሄ ሰው የጻፈውን ሁሉም ታካሚ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ሞራ ሲነሣ ብርሃን ይመለሳል፤ ግላኮማ ግን የወሰደውን አይመልስም። ጠብታውም፣ ሌዘሩም፣ ቀዶ ጥገናውም የቀረውን ለማቆየት ነው። ይሄን ሳይረዳ የገባ ሰው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ምንም አልጨመረልኝም ብሎ ያዝናል፣ ከዚያም ክትትሉን ይተዋል።

መልስ 3 ረጅም ነው። የጻፈው በዓይን ሕክምና ላይ የሚሠራ፣ ትውልዱ ከይፋት የሆነ ባለሙያ ነው። ዓይን ውስጥ ሌት ተቀን ንጹሕ ፈሳሽ ይመነጫል፤ ከእንባ ጋር ግንኙነት የለውም። ይሄ ፈሳሽ ባለ ቀለሙ ክፍልና ነጩ በሚጋጠሙበት ጥግ ባለ ወንፊት መሰል መውጫ ወደ ደም ሥር ይገባል። መውጫው ሲደፈን ግፊቱ ይጨምራል፣ ነርቩም ቀስ በቀስ ይሞታል። መደበኛ የሚባለው ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። በዚሁ መሐል ሆኖም ነርቩ የሚጎዳበት ሰው አለ።

ወደ አማራጮቹ ሲመጣ ከቀላሉ ነው የጀመረው። ኤስ.ኤል.ቲ የሚባለው ሌዘር በወንፊቱ ላይ ይተኮስና ፈሳሹ በተሻለ እንዲወጣ ያደርጋል። የሚቆረጥ ነገር የለም፤ በደቂቃዎች ያልቃል። ቀጥሎ ትራቤኩሌክቶሚ አለ። ሐኪሞች ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ይሠሩታል፤ ዛሬም በዓለም ላይ ዋናው የግላኮማ ቀዶ ጥገና እሱ ነው። ከላይኛው ቆብ ሥር፣ በዓይኑ ነጭ ላይ፣ ስስ ክዳን ትከፈታለች። ከሥሯ ቀዳዳ ይበጃል፤ ክዳኗ መልሳ በላላ ስፌት ትያዛለች። ፈሳሹ በክዳኗ ጠርዝ እየሾለከ ከዓይኑ ስስ ሽፋን ሥር ይጠራቀምና ከዚያ ይመጠጣል። ሦስተኛው ፈሳሹን የሚያስወጣ ቱቦ ዓይን ውስጥ ማስገባት ነው። የመጨረሻው ደግሞ ፈሳሹን የሚያመነጨውን ክፍል በዳዮድ ሌዘር ማዳከም ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሌላው ሁሉ ላልሠራለት ወይም ማየት ላቆመና ለሚያም ዓይን ነው። ለዝጉ ዓይነት የዓይኑን ሌንስ አውጥቶ በሰው ሠራሽ መተካትም ራሱን የቻለ ሕክምና መሆኑን አክሏል።

በእኔ አቋም ላይ በትሕትና፣ ግን በግልጽ ተከራክሯል። ሩቅ መኖር ብቻውን ወደ ቢላ አያስኬድም ይላል። በሽታው ገና ጀማሪ ከሆነ የቀዶ ጥገናው ጣጣ ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል። እንደ አጎቴ ለገፋ በሽታ ግን ከእኔ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ጠቅሷል። በሽታው ገፍቶ ከተገኘባቸው ታካሚዎች ግማሹ ጠብታ ጀመሩ፣ ግማሹ በትራቤኩሌክቶሚ ጀመሩ። ከ2 ዓመት በኋላ የጠብታዎቹ አማካይ ግፊት 15.1፣ የቀዶ ጥገናዎቹ 12.4 ነበር። ቢላ ያስከትላል ተብሎ የተፈራው ጉዳት ደግሞ ከጠብታው የባሰ ሆኖ አልተገኘም።

መልስ 4 ከሸዋ ሮቢት በቁጣ የመጣ ነው። አባቱ የቆየ አስም አለባቸው። ቲሞሎል የተባለው ጠብታ ሲታዘዝላቸው ስለ ደረታቸው የጠየቃቸው አልነበረም። በዚያው ሰሞን ሌሊት ሌሊት ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ዓይን ላይ የተንጠባጠበ ነገር ሳንባ ድረስ ይሄዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ጠብታ ምንም እንደማያመጣ፣ አደገኛው ቢላ ብቻ እንደሆነ ሲወራ ይሄ ወንድም ይናደዳል። እውነቱን ነው።

በ5 ባለሙያው ተመልሶ አረጋገጠለት። ቲሞሎል አስም ላለበትና የልብ ምቱ ዝግተኛ ለሆነ ሰው አይሰጥም፤ ታካሚውም ሳይጠየቅ መናገር አለበት። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ፣ ከአፍንጫ ጋር የሚዋሰነውን የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣት መጫን ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ይቀንሳል። በ6 አንዲት እናት ይሄን በማንበባቸው አመሰገኑ። ጠብታው ጉሮሯቸውን ስለሚያመራቸው ጾም እንዳይፈርስ ፈርተው በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያዘገዩት ነበር። ጥጉን መጫን እንደሚጠቅም የሰሙት ገና አሁን ነው።

ከ7 እስከ 10 ያለው የጸበል ክርክር ነው። የምንጃሩ ወንድም ሰው ሁሉ ወደ ቢላ ከመሮጡ በፊት ሸንኮራ ዮሐንስ ይሂድ አለ። አንዲት ወጣት በጣም በመረረ ቃል መለሰችለት። አያቷ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ሲሄዱ ጠብታቸውን ቤት ትተው ሄዱ። ሲመለሱ ያ የነበራቸው ጭላንጭል አልነበረም። የምንጃሩ ሰው በእምነቱ እንደተዘለፈ ቆጠረው። ሁለቱ ሰዎች ስድብ ቀረሽ ቃል ተለዋወጡ፤ ያንን እዚህ አልደግመውም።

ያበረዷቸው አንድ ቄስ ናቸው። ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም፣ ሐኪምንም የፈጠረ እግዚአብሔር ነው አሉ። እሳቸው ጸበል ለሚመጣ ሁሉ መድኃኒትህን ይዘህ ና እንደሚሉት ጻፉ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ግን ዓይን ላይ ጸበል መረጨት ይቻል እንደሆነ ባለሙያውን ጠየቁ። ባለሙያው ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ ምንም ዓይነት ውሃ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም አለ። ከዚያ በኋላም ያቺ ፈሳሽ የምትጠራቀምባት ቦታ ሽፋኗ ስስ ስለሆነ ኢንፌክሽን በቀላሉ ይገባባታል። ጸበሉን መጠጣትና ሰውነት ላይ መረጨት እንደማይከለከል ሲነገራቸው ቄሱ ደስ አላቸው። ለእኔ ከክሩ ሁሉ ትልቁን ሥራ የሠሩት እኚህ አባት ናቸው። አንድ ቄስ በዓውደ ምሕረት ጠብታችሁን አትተዉ ቢሉ ስንት ዓይን እንደሚተርፍ አስቡት።

መልስ 11። ጡረታ የወጡ የደነባ መምህር ናቸው፤ ቀዶ ጥገናውን ራሳቸው አልፈውበታል። ማደንዘዣው በዓይናቸው ዙሪያ በመርፌ ተሰጣቸው። ነቅተው ነበር፤ የሐኪሙን ድምፅ ይሰማሉ፣ ሕመም ግን የለም። አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ ከቀድሞው ብሶ ደበዘዘባቸው፣ ደነገጡም። ለሳምንታት እንዲህ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ የነገራቸው ሰው የለም። ቀስ በቀስ ጠራ። ግፊታቸው ከ34 ወደ 12 ወርዷል።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ነው ይላሉ። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በሳምንት ሁለቴ ይቀጠሩ ነበር። ግፊቱ ከፍ ያለ እንደሆነ አንዷ ስፌት በሌዘር ትበጠስና ፈሳሹ ይለቀቅላታል። በጣም ከወረደ ደግሞ ይጠበቃል፣ ማጎንበስና ከባድ ማንሣት ይከለከላል። የብግነት ማጥፊያ ጠብታው ለወራት ነው። ከደነባ መመላለሱ ስለማይሞከር አዲስ አበባ እህታቸው ቤት ከረሙ። የላይኛውን ቆብ ከፍ አድርገው በመስታወት ሲያዩ፣ ነጩ ላይ ውሃ የቋጠረች፣ ፈዘዝ ያለች ትንሽ እብጠት አለች። በእጃቸው አይነኳትም። ውቂያ ሲሆን ከአውድማ ይርቃሉ፤ ጭስ ያለበት ማጀት አይገቡም።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ጥያቄዬ ሰፋ። ጠብታ የሚያስቸግረው ሰው ሩቅ ስለሚኖር ከሆነ፣ ቀዶ ጥገናውም በመጀመሪያዎቹ ወራት ያንኑ ሩቅ መንገድ ይጠይቃል ማለት ነው። ልዩነቱ አንዱ ዕድሜ ልክ፣ ሌላው ለተወሰነ ጊዜ መሆኑ ነው። አንድ ክረምት አዲስ አበባ የሚያስቀምጠው ዘመድ ያለው ሰውና የሌለው ሰው ምርጫቸው እኩል አይደለም።

መልስ 12 በንዴት የተጻፈ ነው። እናቱ የዛሬ ዓመት ተሠርተው ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላቸው ግፊቱ ተመለሰ፤ ቀዳዳው ተዘጋ ተባሉ። ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ቀረ፣ እናንተ ደግሞ ለሌላው ሰው ታማልላችሁ ብሎናል። በ13 ባለሙያው በአጭሩ መለሰ። ሰውነት ቀዳዳውን እንደ ማንኛውም ቁስል ሊደፍነው ይሞክራል፤ የጥቁር ሕዝብ ቁስል ደግሞ በኃይል ነው የሚጠግገው። በወጣቶች ላይም እንደዚያው ነው። ለዚህ ሲባል በቀዶ ጥገናው ጊዜ ማይቶማይሲን የተባለ ጠባሳ የሚከላከል መድኃኒት ለጥቂት ደቂቃ ይቀባል። ጠባሳው ከጀመረም በቀጭን መርፌ ሊላቀቅ ይችላል፤ ግን በጊዜ መድረስ ይፈልጋል። የ12 ጸሐፊ እናቱ ከሦስተኛው ቀጠሮ በኋላ በመንገድ መዘጋት ምክንያት መሄድ እንዳልቻሉ በኋላ ላይ አክሎ ጽፏል። ማንም አልወቀሰውም። በእነዚያ ወራት መንገዱ ምን ይመስል እንደነበር የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቃል።

14 ከአሜሪካ የጻፈ የመንዝ ልጅ ነው። እዚያ በቀጭን ቀዳዳ የሚገቡ ጥቃቅን መሣሪያዎች እንዳሉ፣ ታካሚው በማግስቱ ሥራ ሊገባ እንደሚችል ነገረን። አጎቴ ያንን እንዲጠይቁ መከረ። 15 ላይ አንዱ አገር ቤት ጠብታ ጠፋ እየተባለ አንተ ስለምን ታወራለህ ብሎ ቆጣ አለበት። ሰውየው በቅን ልቦና ነው የጻፈው፤ ቁጣው አይገባውም ነበር። ይሁንና ባለሙያው እንዳለው እነዚያ መሣሪያዎች ግፊትን የሚቀንሱት በመጠኑ ነው። ብዙ የሚመረጡት ለቀላልና መካከለኛ በሽታ፣ ብዙ ጊዜም ከሞራ ቀዶ ጥገና ጋር አብረው ነው። ግፊቱ ከ30 ወደ 12 እንዲወርድ ለሚፈለግ ዓይን አይበቁም።

ከ16 እስከ 19 ክሩ ከርዕሱ ወጣ። ስለ ደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ትራንስፖርት ዋጋ፣ ስለ ጣርማ በር ጭጋግ፣ ጠብታ እያደረጉ አረቄ ይጠጣ እንደሆነ ተወራ። አንዱ የመንዝ ባና የት በርካሽ እንደሚገኝ ጠየቀ። አገኘም።

20 የሰላ ድንጋይ ሴት ናት፤ ወሬውን ወደ ቦታው የመለሰችው እሷ ናት። ወንድሟ ልጅ እያለ በቡሄ ሰሞን የጅራፍ ጫፍ ዓይኑን መታው። ያኔ ደም ቋጥሮ ዳነ ተባለ። ግላኮማው የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ ትራቤኩሌክቶሚ ተሠራለት፤ ሁለቱም በጠባሳ ተዘጉ። በሦስተኛው ቱቦ ገባለት። ቀረብ ብለው ሲያዩት በባለ ቀለሙ ክፍል ፊት ለፊት ቀጭን የሚያበራ ቱቦ ጫፉ ይታያል። ሌላኛው ጫፉ ከዓይኑ ኋላ ከተሰፋ ዝርግ ሳህን ጋር ይገናኛል። ፈሳሹ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ጠባሳ ቢከበውም መውጫው በቶሎ አይደፈንም።

ባለሙያው ስለ ቱቦዎቹ አብራርቷል። አህመድ ቫልቭ የሚባለው ግፊቱ በአንዴ እንዳይወርድ የሚቆጣጠር ክዳን አለው። ክዳን የሌላቸውም አሉ፤ ሕንድ ውስጥ ኦሮላብ የሚሠራው በዋጋ ረከስ ያለ ነው። ክዳን የሌለው ቱቦ በክር ታስሮ ይገባል፤ ክሩ ሟሙቶ እስኪከፈት ሳምንታት ይወስዳል። ቀድሞ ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ዓይን በሚመለከት አሜሪካ ውስጥ የተመራ ትልቅ ጥናት ነበር። በ5 ዓመት ውስጥ ቱቦው በ29.8 በመቶ፣ ትራቤኩሌክቶሚው በ46.9 በመቶ ታካሚዎች ላይ ከሽፏል። ቱቦውም ቢሆን ጣጣ አለው። ሊጋለጥ ይችላል፣ የዓይኑን የፊት መስታወት ሊጎዳ ይችላል፣ አንዳንዴ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል።

21 በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ ናት። እኔን ሐሳቤን ያስተካከለልኝ የእሷ መልስ ነው። ሩቅ ላለ ሰው ከጠብታና ከቢላ መሐል ሌዘሩ ተረስቷል አለች። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በታንዛኒያ፣ ሞሺ ከተማ ተደርጓል። ግማሾቹ ቲሞሎል፣ ግማሾቹ የኤስ.ኤል.ቲ ሌዘር ተሰጣቸው። ከዓመት በኋላ ሌዘሩ በ61 በመቶ ዓይኖች ላይ ሠርቷል፤ ጠብታው በ31 በመቶ ብቻ። ምክንያቱ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሌዘሩ አንዴ ተተኩሶ ይሠራል፣ ጠብታው ግን በየቀኑ መደረግ አለበት። የሌዘሩ ኃይል በዓመታት ይደክማል፤ ሊደገም ግን ይችላል። በጣም ለገፋ በሽታ ደግሞ ብቻውን አይበቃም። እንግዲህ የመነሻ ጽሑፌን እንዲህ ላጥራው፦ ለገጠር ሰው በጊዜ ሌዘር፣ ከገፋ ደግሞ ሳይዘገይ ቀዶ ጥገና።

22 የፋርማሲ ባለሙያ ነው፣ በሥራ ባልደረቦቹ ላይ ጨክኗል። ዓይናቸውን የሚያሳክካቸው ልጆች ዴክሳሜታዞን የተባለ ብግነት ማጥፊያ ያለበት ጠብታ ያለ ማዘዣ ይሸጥላቸዋል። ማሳከኩን ወዲያው ስለሚያጠፋው ለዓመታት ይገዙታል። ያ ጠብታ ግን ግፊት ይጨምራል። ዓይኑ ቀይ ስላልሆነና ስላላመመ ልጁ የሚያውቀው ነርቩ ከሞተ በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ በዚህ ምክንያት ሲታወር አይቻለሁ ብሏል። 23 ላይ አንድ ባለ ፋርማሲ እኛን ብቻ አትክሰሱ፣ ሰዉ ራሱ ባዶ ጠርሙስ ይዞ መጥቶ ይሄንን ስጠኝ ይላል ብሎ ተከላከለ። ቢልም መሸጡን አያስቀርለትም። ልጆቻችሁ የሚያደርጉትን ጠብታ ስም ዛሬውኑ አንብቡ።

24 ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የእነዋሪ ሰው ናቸው። ጥያቄያቸው አጭር ናት፤ እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው በሰሙነ ሕማማት መስገድ ይችላል ወይ? 25 ላይ የባለሙያው መልስ መጣ። ራስ ወደ መሬት ሲደፋ የዓይን ግፊት ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይኑ ገና ልል ስለሆነ ስግደት ይከለከላል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ አይቶ ይፈቅዳል። ቄሱ ደግሞ የታመመ ሰው ቆሞም ተቀምጦም ይጸልያል፣ የንስሐ አባትህ ይፈቱልሃል በማለት አጽናኗቸው። ሰውየው ለአንድ ዓመት ሲፈሩት የኖሩት ይሄ እንደነበር ጽፈው አመሰገኑ። በቀጠሮ ላይ ሐኪሙን ለመጠየቅ አፍረው ነበር።

26 ወደ እኔ ዞረ። የከተማ ሰው ሆነህ የሽማግሌውን ዓይን በኢንተርኔት ታስወስናለህ፣ እሳቸው ራሳቸው ምን አሉ? አለኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። አጎቴ ያሉትን ጽፌ መለስኩለት። የሚፈሩት ሕመሙን አይደለም። ያቺ አንዲት ዓይን ከተበላሸች ከቤት ደጃፍ መውጣት እንደማይችሉ ነው የሚፈሩት። 27 ላይ ባለሙያው ፍርሃታቸውን አላጣጣለውም። በጣም ከገፋ በሽታ ላይ ሲሠራ የቀረው እይታ በአንዴ የሚጠፋበት አጋጣሚ አለ፤ ብዙ ጊዜ የማይከሰት ቢሆንም ሐኪሙ ሳይደብቅ ሊነግራቸው ይገባል። በ30 ግፊት ዝም ብሎ መቀመጥም ያችኑ ዓይን ያሳጣል። ሁለቱ ሥጋቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚወስኑት ሽማግሌው ናቸው። በዚህ እስማማለሁ።

28 ያው ባለሙያ ያለ ማንም ጥያቄ ጨምሮ የጻፈው ማስጠንቀቂያ ነው፤ እባካችሁ አትዝለሉት። ትራቤኩሌክቶሚ የተሠራለት ዓይን አሥር ዓመት ቢያልፈውም እንኳ ከቀላ፣ ካመመ፣ መግል ካወጣ ወይም ድንገት ከደበዘዘ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ነገ የሚባል ነገር የለም። በዚያች ስስ ሽፋን የገባ ኢንፌክሽን ዓይንን በቀናት ውስጥ ያጠፋል። ቀዶ ጥገናው ሞራን እንደሚያፋጥንም ነግሮናል፤ ሞራው ግን በኋላ ሊነሣ ይችላል።

29 እና 30 ስለ ቤተሰብ ናቸው። የደብረ ሲና ሴት እናቷ፣ አክስቷና ወንድሟ ሁሉም ግላኮማ አለባቸው፤ እሷ ግን እስካሁን ተለክታ አታውቅም። ባለሙያው ነገ ዛሬ ሳትይ ሂጂ አላት። የታማሚ ወንድም፣ እህትና ልጅ ከሌላው ሰው ይልቅ በብዙ እጥፍ የተጋለጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ውስጥ የግላኮማ ድርሻ 5.2 በመቶ ነበር። ሞራ ግማሽ ያህሉን ስለሚይዝ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሞራ ይነሣል፣ ይሄኛው አይመለስም። እኔም ለአጎቴ ልጆች በሙሉ ደውያለሁ።

31 ላይ መምህሩ ከደነባ ተመልሰው መጡ። አጎቴ ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ የሚጠይቁትን አብረውኝ አዘጋጁ። ግፊቱ ስንት እንዲደርስ ነው የሚፈለገው? ማይቶማይሲን ይደረጋል ወይ? በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ስንት ጊዜ ይመጣሉ፣ የቅርብ ክትትሉንስ ደብረ ብርሃን ማድረግ ይቻላል? ስፌት የሚበጠስበት ሌዘር እዚያው አለ? ሌሊት ችግር ቢመጣ ለማን ይደወላል? ቢዘጋ ቀጣዩ ምንድን ነው? ወረቀቱን ለአጎቴ በስልክ አንብቤላቸዋለሁ። ቢላውን ገና እሺ አላሉም። ጥያቄዎቹን ይዘው ለመሄድ ግን እሺ ብለዋል።

32 የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ይሸፍን እንደሆነ ጠየቀ። 33 በጤና ጣቢያ የምትሠራ እህት መለሰች። መታወቂያው የታደሰ ይሁን፤ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ደረጃውን የጠበቀ የሪፈር ወረቀት ይያዝ። በቀጥታ አዲስ አበባ የሄደ ሰው ከኪሱ ይከፍላል። ከሆስፒታሉ ውጪ የሚገዛ መድኃኒት ካለ ደረሰኙ በማኅተም ይሁን። ከመሄድ በፊት በወረዳው ጤና መድህን ቢሮ ምን ምን እንደሚመለስ መጠየቅ ይሻላል።

የአጎቴ ቀጠሮ ከውቂያ በኋላ ነው። ምኒልክ ሆስፒታል አካባቢ ለሁለት ወር የሚከራይ፣ ደረጃ የሌለው፣ ጭስ የማይገባበት ክፍል የምታውቁ በ34 ላይ ጻፉልኝ።